ነጥቧ የቆመችበት መንደር

ማክሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 2018

ይሄ ባሌ ጡረታ ሲወጣ እንደ ሰው አርፎ አይቀመጥም፤ ሳይክሉን ይዞ የስፔንን ተራራ ይወጣል ይወርዳል። እኔ በሌላኛው የዓለም ጫፍ፣ ሠፈራችን ክሬጊበርን ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ያለበትን የምታሳየኝን ሰማያዊ ነጥብ አያለሁ። እሱ ሲሄድ እሷም ትሄዳለች።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ነጥቧ አንዲት ትንሽ መንደር ላይ ቆማለች። እራት ሠርቼ ስጨርስም እዚያው ናት። ብደውል አያነሳም። ቁልቁለት ላይ ወድቆ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ልጃችን ሄለን፣ «ማሚ፣ ሪላክስ! እዚያ እኮ ገና ቀን ነው፤ ምሳ እየበላ ነው» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ።

«ቀብር ላይ ነበርኩ» አለኝ።

«የማን ቀብር?»

«እኔ እንጃ። መንደሩ ስገባ ሬሳ ሲወጣ ደረስኩ። ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ዳገቱ አቃታቸው። ታዲያ ጥያቸው ልለፍ?»

ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፎ፣ በዚያች ጥብቅ ባለች ቁምጣው፣ የማያውቀውን ሰው ሬሳ ተሸክሟል! ልቆጣው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አልከበደህም?» አልኩት።

«አባባን ማን ማን እንደተሸከማቸው እስከ ዛሬ አላውቅም» አለኝ።

አባቱ ሲያርፉ ሱዳን ስደት ላይ ነበርን። መርዶውም የደረሰን ከርሞ ነው። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነገር አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

«ቁልቁለቱን ቀስ በል» ብቻ አልኩት።

ነጥቧ መንቀሳቀስ ጀምራለች።