ካርቶኑ ውስጥ ስለነበረው ፈረሰኛ

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንዳላማው ፍሥሐ
የወይራ ሥር ቀበሌ የወጣቶች መዝናኛ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይልቁንም ትከሻዎና ወገብዎ ደኅና እንዲሆኑልኝ ሌት ተቀን እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ደብዳቤው መጨረሻ ይደርሱበታል።

የኋላሸት ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ነኝ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ድንጋይ ተሸክሞ ከፊትዎ የቆመው ሰውዬ እኔ ነኝ። ያን ዕለት አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ እርስዎ ዕቃዬን ወሰዱ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፌ እንዳይወጣ በሽማግሎች ፊት እንደገዘቱኝ ያውቃሉ። ግዝቱን እስከ ዛሬ አክብሬያለሁ፤ አሁንም አከብራለሁ። ነገር ግን የተገዘተው አፌ እንጂ እጄ አይደለም፤ ደግሞም በዚህ ደብዳቤ ወሰዱ የሚል ቃል አያገኙበትም፤ ከምስጋና በቀር የምጨምረው የለኝም።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚለጠፍ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። «የብረት ፈረሰኛ» የሚባል ጌም አለ። ተራው እትም በፕላስቲክ ማቀፊያ ያለች አንዲት ሲዲ ናት፤ ኮፒዋ በየጌም ቤቱ ሞልቷል። ልዩ እትሙ ግን፣ ነጋዴዎቹ ኮሌክተርስ ኤዲሽን የሚሉት፣ በዓለም ላይ ሦስት ሺህ ብቻ የታተመ፣ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር ያለው ትልቅ ካርቶን ነው። በውስጡ ከሲዲው ሌላ ሁለት ስንዝር የሚሆን ፈረሰኛ ሐውልት፣ የጌሙ አገር የታተመበት የጨርቅ ካርታና የሥዕል መጽሐፍ ይገኙበታል። ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ለምኜ፣ ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄ አስመጣሁት። ጓደኞቼ ጨዋታው ያው አይደለም ወይ፣ አብደሃል እንዴ ብለውኛል። ጨዋታው በእርግጥ ያው ነው፤ ይህን አልክድም። ሐውልቱን ግን ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አቁሜ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስጠርግለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለገበያ ከአምበር የሚመጡ ጎረምሶች እንኳ ጆይስቲክ ከመጨበጣቸው በፊት ቀና ብለው እሱን ያዩ ነበር። ወደድኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኅዳር 2005 ዓ.ም. ክቡርነትዎ በትምህርት ሰዓት ተማሪ የሚያስገቡ ጌም ቤቶችን ለመቆጣጠር በተነሡ ጊዜ የእኔን ቤት አስቀደሙ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ይህ ግን ሥራዎን አላደናቀፈውም። ካርቶኑ በኤግዚቢትነት እንዲያዝ አዘዙ፤ እኔም እንዳይሰበርብኝ ብዬ ሐውልቱን፣ ካርታውንና መጽሐፉን በገዛ እጄ መልሼ ከተትኩልዎ። የሰጡኝ ደረሰኝ «አንድ ካርቶን ጌም» ይላል። ፈረምኩ። ስፈርም ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን ከዚሁ እጀምራለሁ።

፩. በየካቲት ወር ካርቶኑን ሲመልሱልኝ በውስጡ ሲዲዋ ብቻ ነበረች። ፈረሰኛው የት ደረሰ ብዬ ብጠይቅዎ፣ ጨዋታው ያለው ሲዲው ላይ ነው፤ ሌላው ማሸጊያ ነው፤ ማሸጊያ ደግሞ ይጣላል ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። በመጋቢት ደግሞ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ብጠይቅዎ፣ ከመጀመሪያውም ሐውልት የሚባል ነገር እንዳልነበረ ለሕዝቡ አስረዱ። መጀመሪያ የተጣለ፣ ኋላ ደግሞ ያልነበረ ዕቃ በማየቴ ለዕውቀቴ መስፋት አመሰግናለሁ።

፪. ስሜ ጠፋ ብለው በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን በሽማግሌ ስለከሰሱኝ የላቀ ምስጋናዬን እገልጻለሁ፤ ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ምስክር ይጠየቅ ነበር። ሽማግሌው አቶ ዘመነና ሁለት ባልንጀሮቻቸው ተቀመጡ፤ አባቴም ተጠርተው ከዲማ ድረስ መጡ። እኔ ግን የቅኔ መምህር ልጅ ነኝና በነገር የምረታ መስሎኝ አንድ ስሕተት ሠራሁ። አባቴ፣ የብራና ዳዊትዎን አንድ ሰው ወስዶ ማኅደሩን ለራሱ አስቀርቶ ንባቡ ተመልሶልዎታል ቢልዎ እሺ ይላሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ክቡርነትዎ ወዲያው፣ ዳዊትን ከጌም ጋር አስተካከለው ብለው አማተቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ካርቶኑ የሰማኝ የለም፤ ጉዳዩ ስለ ድፍረቴ ሆነ። አባቴ ፊታቸውን አዙረው ድንጋዩን አምጡለት አሉ።

ተሸከምኩ። እንደ ወጉ ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪሉኝ አጎንብሼ ስጠብቅ ስልክዎ ጠራ። አነሡት። ስለ አንድ የጣሪያ ቆርቆሮ ጉዳይ ረጅም ወሬ አወሩ፤ ሁለት ጊዜም ሳቁ። ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ እንደነበረ ማስታወሴ ለወቀሳ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ የማስብበት ስለሰጡኝ ነው፤ ይህ ደብዳቤ ያኔ ነው የተጀመረው።

፫. ሽማግሎቹ የይቅርታ ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ቢሮዎ ድረስ እንዳደርስ ስለወሰኑ፣ በታዘዝኩት መሠረት መጥቼ ከወንበርዎ ጀርባ በክብር የተሰቀለውን የጨርቅ ካርታ ለማየት በቅቻለሁ። ከመንደር ለመጡ ወጣቶች በዘንግ እያመለከቱ የሥራ ዕድል የሚፈጠርባቸውን ቦታዎች ያሳዩ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያ በስተ ሰሜን ያመለከቱት ተራራ ዘንዶ የሚኖርበት ነው፤ ለዶሮ እርባታ የመደቡት ሜዳም በጌሙ አራተኛ ምዕራፍ ላይ በእሳት ይጠፋል። አገሩ በዓለም ላይ የለም። ለወጣቶቻችን ሥራ የሚያገኙበትን ትክክለኛ አገር ስላሳዩ ግን ከልብ አመሰግናለሁ። በግዝት የታሰረ አፌን ዘግቼ ወጣሁ።

፬. ዘንድሮ በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ቆመና ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ከባለ ሻይ ቤቱ ራስ በላይ ፈረሰኛው ቆሟል። የወርቅ ቀለም ተቀብቷል፤ ከእግሩ ሥር የጣውላ መቆሚያ ተደርጎለት «የወይራ ሥር ቀበሌ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ዋንጫ» ተብሎ ተጽፎበታል። የሉማሜው ቡድን አምበል ውበቱ፣ ባለፈው ግንቦት በእርስዎ እጅ ከነጭብጨባው እንደተቀበለው በኩራት ነገረኝ። ይሁንታውን ጠይቄ ገለበጥኩት። የጣውላው መቆሚያ መካከሉ ክፍት ነው፤ በክፍቱ በኩል ከፈረሱ ሆድ ሥር «0417» የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይታያል፤ ቀለም ቀቢዎ እዚያ ድረስ አልደከመም።

ከካርቶኑ ክዳን ውስጥ በኩል አንዲት ስስ የወረቀት ኪስ አለች። ክቡርነትዎ ማሸጊያ ስለማይወዱ አላዩዋትም፤ እኔም ልብ ያልኳት ሉማሜ ላይ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ነው። በውስጧ ያለው የምስክር ወረቀት የዚህ እትም ባለቤት የያዘው ቁጥር 0417 መሆኑን ይገልጻል፤ ሐውልት፣ ካርታ፣ መጽሐፍና ሲዲ ብሎም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ወረቀቷን የመለሱልኝ በገዛ እጅዎ ስለሆነ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። አባቴ የሚወዱት፣ ስለ ሌባ ዓይነ ደረቅ የተነገረ አንድ ተረት አለ፤ ክቡርነትዎ ስለሚያውቁት እዚህ አልጠቅሰውም።

፭. መጽሐፉን ገና አላገኘሁትም። የት እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ።

እንግዲህ ልዩ እትም መግዛት ያዋጣል ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ቀድሞ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ግን በእርስዎ ምክንያት አለኝ። ተራውን እትም ብገዛ ኖሮ ቀበሌው ዋንጫ አይኖረውም፤ ቢሮዎ ካርታ አይኖረውም፤ እኔም ሌባ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አይኖረኝም ነበር። ያዋጣል እላቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ በደንብ ያዙ።

አሁን ቀልዱን ልተው። ሐውልቱን አልፈልገውም፤ የሉማሜ ልጆች በላባቸው ያገኙት ዋንጫ ነውና ለእነሱ ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልገቡም። ለፋሲካ ዲማ ሄጄ ጉልበታቸውን ስስም፣ ሌላውን ልጃቸውን መርቀው እኔን አለፉኝ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጄ ለሣጥን ብሎ በሰው ላይ ዋሸ እያሉ እንዲሞቱ አልፈቅድም። በእርስዎ ላይ ቂም ይዣለሁ፤ ይህንንም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የተሸከምኩትን ድንጋይ አልጣልኩትም። አጥቤ፣ ፈረሰኛው ይቆምበት ከነበረው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እርሱን ይዘው፣ አቶ ዘመነንና ሁለቱን ሽማግሎች አስከትለው ዲማ ድረስ ይምጡና በአባቴ ፊት ተሸክመው ይቁሙ። ዓይናቸው ስለማያይልዎ፣ የቆሙት እርስዎ መሆንዎንና ስለ ምን እንደቆሙ በራስዎ ድምፅ ሊነግሯቸው ይገባል። ስልክ ቢደወልልዎ ያንሡ፤ እኛ እንጠብቃለን።

እስከዚያው በመጪው እሑድ ግንቦት 24 የዘንድሮው የዋንጫ ጨዋታ ነው፤ ውበቱና ጓደኞቹም ዋንጫውን ለመመለስ ይመጣሉ። ከዞን እንግዶች ይገኛሉ ተብሏል። ለአሸናፊው ሲያስረክቡ እንደ አምናው ሳይሳሱ ከራስዎ በላይ ከፍ አድርገው ያሳዩ ዘንድ እለምናለሁ፤ ቁጥሩ ያለው ከሥሩ ስለሆነ ከፍ ባለ መጠን ከታች ለምንቆመው ይነበባል። የምስክር ወረቀቱን አስፍቼ አባዝቼ ለተመልካቹ አድላለሁ።

ለወጣቱ መዝናኛ ያለዎትን ተቆርቋሪነት፣ ለዕቃዬ የሰጡትን ሹመትና ለትከሻዬ የሰጡትን ጊዜ ሳልረሳ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ሁልጊዜ አስታዋሽዎ፣

የኋላሸት ወልደ ሩፋኤል
የቁጥር 0417 ባለቤት

ግልባጭ፦
— ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ዲማ፤ ደቀ መዝሙራቸው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው
— ለአቶ ዘመነና ለሁለቱ ሽማግሎች
— ለአምበል ውበቱ፣ ሉማሜ
— ለመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንጋዩን ለመውሰድ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ፤ ደረሰኝ አልጠይቅዎትም። ካርቶን ግን አምጥተው እንዳይደክሙ፤ ድንጋዩ ማሸጊያ የለውም፣ ሁሉም ዕቃ ነው።