የእንደራሴ መንገድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 10 ሰዓት

አሁንም የ11ኛ ለ ፈተና እያረምኩ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ። ያሰጣሁትን ልብስ ሳላስገባ ዝናብ አበሰበሰው። በጥቅምት ይዘንባል ብሎ ማን አሰበ!

ዋናውን ልንገርህ፣ ደብተሬ። አከራዬ ጋሽ ሸምሱ አስጠሩኝ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ከአልጋቸው ሥር የቆዳ ሻንጣ አስወጡኝና አንብቢልኝ አሉ። ከፈትኩት። እስከ አፉ አቤቱታ! የገበሬ አቤቱታ፤ በጸሐፊ እጅ የተጻፈ፣ ከታች የጣት አሻራ ብቻ።

በጃንሆይ ጊዜ የፓርላማ አባል እንደነበሩ አውቃለሁ። ወልቂጤ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ «እንደራሴ» ነው የሚላቸው። እኔ ደግሞ የታሪክ መምህርት ነኝ ተብዬ፣ ሁለቱን ም/ቤቶች በአንድ ክ/ጊዜ ነው የምጨርሳቸው። ታችኛውን ሕዝብ ይመርጣል፣ ላይኛውን ጃንሆይ ይሾማሉ፣ ደወል ተደወለ፣ በቃ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰው ግን ከግድግዳው ወዲያ ሲያስሉ ይሰማኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሰውዬው ጉድ ናቸው። የመጀመሪያውን መስመር ሳነብላቸው ቀሪውን በቃላቸው ይወጡታል። ማን እንዳመጣው፣ ተነስተው ምን እንደተናገሩ፣ ማን እንደሳቀባቸው። ም/ቤት የቀረበው ሁሉ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ላመለከተው ገበሬ ይመልሱ ነበር። በምርጫው ጊዜ ማንበብ የማይችለው ሰው በምልክት ይመርጥ ነበር አሉ፤ የእሳቸው ጃንጥላ። ለካ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው! እኔ እኮ እርጅና መስሎኝ።

ከዚያ ከሻንጣው ገበር ውስጥ አንድ ወረቀት ወጣ። ማኅተም የለውም።

ከጉንችሬ ከተማ ወዲያ ካለ መንደር ነው። ኑሪ የሚባሉ ገበሬ ናቸው ያመጡት። አንድ ባለርስት ጀፎረውን አጥሮ ያዘብን ይላል። ጀፎረ የመንደሩ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው፤ ከብት የሚግጥበት፣ ለቅሶም ሠርግም የሚቀመጡበት። ባለርስቱ ጃንሆይ የሾሙት የላይኛው ም/ቤት አባል።

ጋሽ ሸምሱ አላቀረቡትም። ለመወዳደር በወረዳው መሬት ያስፈልግ ነበር፤ እሳቸው ከነጋዴ ቤት የወጡ፣ መሬት የሌላቸው። ቁራሽ መሬት በስማቸው ያስመዘገበላቸው ያው ባለርስት ነው። ፈርቼ ሸሸግኩት አሉኝ። እንዲሁ፣ ሳያለባብሱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ተናድጃለሁ። ትናንት ያልጻፍኩት አለ። መንግሥት ሲለወጥ መንደርተኛው አጥሩን ነቀለው። ኑሪ ግን እንደራሴያችን ተናግሮልን ነው ብለው አስወሩ። ሕዝቡም አመነ። ጀፎረው «የእንደራሴ መንገድ» ተባለ። ሃምሳ ዓመት! እሳቸውም ዝም!

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ መንደሩ አድርሺኝ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አሉ። ልጃቸው ይህን ሰምቶ ከአዲስ አበባ ደውሎ ጮኸባቸው። ያለህ ስምህ ብቻ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ራስህን ታዋርዳለህ ወይ ይላል። እውነቱን ነው አልኩ በሆዴ። ስልኩን ዘጉና «ሚኒባሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉኝ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ማምሻውን

እስከ ጉንችሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ክንዴን ይዘው። ጀፎረውን በዓይኔ አየሁት፤ ወይ ግሩም! ሣሩ ወለል ያለ፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ከኋላ እንሰት። ሰው ሁሉ ብድግ ብድግ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንደራሴ!» እኔ አንገቴን ደፋሁ። በወዲያኛው ጫፍ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ሣሩን ገፍቶ ገብቷል። ለእሳቸው ሳልነግራቸው አለፍኩት።

ኑሪ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው እማማ ከድጃ ሰውን ሰበሰቡ። ጋሽ ሸምሱ ቆመው ተናገሩ። መሬቱን፣ ፍርሃቱን፣ በገበሩ የሸሸጉትን ወረቀት፣ አንድም አላስቀሩም። መንገዱን በኑሪ ስም ጥሩት ብለው ጃንጥላቸውን ሣሩ ላይ አኖሩት።

እማማ ከድጃ ወረቀቱን አስነበቡኝ። አሻራውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ «አባቴ ያውቅ ነበር» አሉ።

ለኑሪ ማኅተም ያለበት ቅጂ አልተመለሰላቸውማ! የሌሎቹ ሲመጣ የእሳቸው ቀረ። ለቤተሰባቸው ብቻ ነው የነገሩት፤ ስሙን ያሸከምኩት እንዲያፍርበትና እንዲሠራበት ነው ብለው። እውነትም ሸምሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በተጠራ ቁጥር መጥቷል አሉ እማማ። ለት/ቤቱ፣ ለውሃው፣ ለደም እርቁ። አሁንም ስሙን አናወርደውም። «ይልቅ ያንን ቆርቆሮ አየኸው?»

አላየሁም አሉ ጋሽ ሸምሱ። ዓይናቸው!

እማማ እጃቸውን ይዘው ጀፎረውን ከጫፍ ጫፍ ወሰዷቸው። የጋሽ ሸምሱን መዳፍ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጡ። ሲመለሱ ጃንጥላውን አንስተው አስያዟቸው።

ስለ ኑሪ ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው፣ አንድን እንደራሴ በምስጋና አስረው ሃምሳ ዓመት አሠሩት! በየትኛው ክ/ጊዜ ነው ይኼን የማስተምረው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከጠዋቱ 1፡30

ፈቃድ ወስጃለሁ። ር/መምህሩ ለምን ሲለኝ ፓርላማ አለኝ አልኩት። ሳቀ፤ ይሳቅ።

እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው። ይናገራሉ፣ እጽፋለሁ። ስለ ቆርቆሮው አጥር፣ ለወረዳው ጽ/ቤት። የኑሪ ወረቀት አባሪ ይሆናል። ተቀብለው ማኅተም እስኪያሳርፉበት በራቸው ላይ እንቀመጣለን፤ ተስማምተናል። ቅጂው ዛሬውኑ ለእማማ ከድጃ ይደርሳል።

«እኔ አመልካች፣ የቀድሞ የሕዝብ እንደራሴ» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላቸው።

«የቀድሞ» የሚለውን ሰርዢ አሉኝ።

ሰረዝኩት። ባጃጁ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነው። ጃንጥላቸውን ላቀብላቸው።