ለአንድ ሰው እግር የተሰፋ ጫማ

ማክሰኞ፣ ኅዳር አጋማሽ
ከሱቁ ጓሮ ክፍል

ለምወድህም ለተቀየምኩህም ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ ጠንክሯል ብለሃልና ደረትህን ሸፍን፤ ባዶ ሆድህንም አትውጣ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። አባትህ የቀጠረው ሽማግሌ፣ መዶሻው የምንለው፣ እሱም እንደ ልማዱ እየተነጫነጨ ሶል ይቆርጣል። የሱቁ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል።

በድምፅ የላክልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። መልሱንም በድምፅ ልልክልህ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ አፌን ስከፍት የሚወጣው ጩኸት ብቻ ስለሆነብኝ ተውኩት። ስለዚህ እየጻፍኩልህ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ መቅረፋፋቱ ግን በጀኝ። ንዴቴ ስንት ቃል አስጽፎ ስንቱን አሰረዘኝ መሰለህ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ጭምር። የምታውቀውን የረሳኸው ስለሚመስለኝ ነው።

ሱቁ ቀዝቅዞ እንደነበር አልክድም። ሁለቱ መስፊያዎች ጨርቅ ተጥሎባቸው ከርመዋል። አንተም ከባሕር ማዶ ሆነህ፣ ሥራህ ማስታወቂያ ነውና፣ «እማ፣ ችግሩ ሌላ አይደለም፤ ሱቁን ሰው አያውቀውም» አልከኝ።

«ማን ነው ሊያውቀው የሚገባው?» ብዬ ጠየቅኩህ።

«ሁሉም ሰው ነዋ!»

ሁሉም ሰው ከእኛ ጫማ አያሰፋም። እኛ ጋ የሚመጣው የገበያ ጫማ እምቢ ያለው ሰው ነው፤ ጣቱ የተቆረጠ፣ እግሩ ያበጠ፣ አንድ እግሩ ያጠረ። ሐኪም ይልከዋል፣ ወይም አንዲት እናት ለሌላዋ እናት በጆሮዋ ትነግራታለች። በጓሮ በር ገብቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይለካል፣ ጫማውን አድርጎ በፊት ለፊት በር ይወጣል። መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ምንም አያይም። የምንሸጠው እሱን ነው፤ ምንም አለመታየትን። ይህንን ስነግርህ፣ «ዘመኑ አልፏል እማ» ብለህ አሳቅከኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ልጄ የተማረው ይህንኑ አይደል ብዬ።

ከዚያ ያቺን ልጅ አመጣህልኝ። ተጽዕኖ ፈጣሪ ናት አልከኝ።

«ስንት ሰው እንደሚከተላት ብታውቂ!»

«እነማን ናቸው?»

«እንዴት እነማን?»

«እግራቸው ምን ሆኖ ነው?»

ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «እማ ደሞ! ሰዎች ናቸዋ! ሰው!» ልጅቷ የኛ ዓይነት ጫማ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅካትም። ምን እንደምትናገርም አብረሽኝ አስቢ አላልከኝም። ይከተሏታል፤ አለቀ።

መጣች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እሱን ልመስክርላት። ጉንጬን ሳመችኝ፣ «እናቴ» አለችኝ፣ ክብ መብራቷን አቁማ ስልኩን አብራት ለመጣችው ጓደኛዋ ሰጠች። «የማደርገው ጫማ የታለ?» አለች።

«ለሚመጣው ሁሉ የሚሆን ጫማ የለንም። ቁጭ በይ፣ እግርሽን ልለካሽ፤ ሲደርስ ትመጫለሽ» አልኳት።

«ውይ እናቴ! እኔ እኮ ዛሬውኑ ሌላ ቀረጻ አለብኝ።»

ወዲያው ደወለችልህ። ድምፅህ በክፍሉ ሞላ፦ «ከመደርደሪያው ላይ ቆንጆ የምትይውን አንሺ፤ ለአፍታ ነው።» እኔ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው፣ አይነካም አልኩ። «እሺ እናቴ» አለች። በፊት ለፊት በር ደንበኛ ሲጣራ ወጣሁ። ስመለስ መብራቷን እያጣጠፈች ነበር። አመስግና ሄደች፤ እኔም ደህና ነገር የተሠራ መስሎኝ እስከ በሩ ሸኘኋት።

ልጄ፣ አንተ እኮ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያደግከው። አባትህ ተሠርቶ ያለቀ ጫማ ውስጥ ከባለቤቱ በቀር ሰው እግሩን እንዲያስገባ አይፈቅድም ነበር። የውስጡ ለስላሳ ቆዳ መጀመሪያ የረገጠውን እግር ቅርጽ ይይዛል፤ ሌላ ከረገጠው ለባለቤቱ አይሆንም። ልጅ ሆነህ የአንድ ሽማግሌ ጫማ ውስጥ ገብተህ ስትጎተት አግኝቶህ፣ ምንም ሳይቆጣህ ውስጡን ፍቆ እንደ አዲስ ሲያለብሰው አብረኸው ተቀምጠህ አይተሃል። ይህንን ማንም ባያውቅ አንተ ታውቃለህ።

ያነሳችው ቀዩን ነው። የፋርማሲስቷን።

ግራ እግሯ አጭር የሆነችውን፣ ከተማሪነቷ ጀምሮ የምንሰፋላትን ማለቴ ነው። ጥቁር ብቻ ነበር የምታሰፋው፤ ዓይን እንዳይስብ። ዘንድሮ እህቷ ልታገባ ሆነና መጥታ፣ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ቀይ ባደርግ ሰማይ ይደፋብኛል?» አለችኝ። «ይደፋ እንጂ፣ እኛ ምን ቸገረን!» አልኳት። ተሳሳቅን። ቆዳውን ራሷ መረጠች። የግራውን ከፍታ ከውጭ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ቀበርነው፤ መዶሻው ሦስት ጊዜ አፍርሶ ነው የሠራው። መድኃኒት ቤት ላሉት ባልደረቦቿ ደግሞ፣ «ቀይ ጫማ እያሰፋሁ ነው፣ የት እንደሆነ ግን ብትሞቱ አልነግራችሁም» እያለች ስታጓጓቸው ከርማለች።

ቪዲዮውን አይተኸዋል፤ ግን እኔ እንዳየሁት ልንገርህ። ልጅቷ ቀዩን አድርጋ ብድግ ትላለች፣ ትንገዳገዳለች፣ «እንዴ! አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ምድር ቤት!» ብላ ትስቃለች። ጓደኛዋም ትስቃለች። ከዚያ የግራውን አውልቃ ውስጡን ወደ ስልኩ ገልብጣ፣ «ምስጢሩ ይኸውላችሁ!» ትላለች። መልሳ አድርጋው እያነከሰች ወደ ካሜራው ትመጣለች። በስተመጨረሻም አንተ የሰጠሃትን ቃል ታነባለች፦ «ለማንኛውም እግር፣ በሦስት ቀን!» በሦስት ቀን ስንል ማን ሰምቶን ያውቃል?

በማግስቱ ደወልክልኝ። «እማ፣ ፈነዳ!»

«ምኑ?» ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ። ጋዙ መስሎኝ ነበር።

«ቪዲዮው ነዋ!»

ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩት። የሚስቀው፣ የሚያላግጠው፣ አካሄዷን አስመስሎ ራሱን ቀርጾ የላከው። ማንበብ ምነው ባልተማርኩ ያልኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ፋርማሲስቷ ግን የሰማችው ሥራዋ ላይ ቆማ ነው። አንዷ ባልደረባዋ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ በወረፋተኛው ፊት፣ «አንቺ፣ ይሄ ያንቺ ቀይ ጫማ አይደለም እንዴ?» አለቻት። ይኸው ነው። ያን ያህል ዓመት የደበቀችው እግሯ በአንዲት ጥያቄ ገበያ ወጣ።

ሱቁ በሰው ተሞላልህ፤ እሱ እውነት ነው። ወጣቶች መጡ። «ያ ፎቅና ምድር ቤት አለ?» ይላሉ፣ ከበሩ ፊት ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ነጠላ ጫማ አላችሁ ወይ የሚል ስልክ ቀኑን ሙሉ ይደወላል። በጓሮ በር የሚመጡት ግን ስልክ የደገነውን ሰልፍ ከሩቅ ሲያዩ ይመለሱ ነበር። ያ የእግር ጣቶቹ የሌሉት ሹፌር መንገዱን ሲሻገር አየሁት፤ እሱም ሲያየን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ዞረ። መዶሻው ወስፌውን አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ ሱቁ ሞልቶ ባዶ ሆነ» አለኝ። እሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አይደለም።

ቪዲዮው ሳይወጣ አይተኸው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። «አላየሁትም፤ ነፃነት ካልተሰጣቸው ጥሩ አይሠሩም» አልከኝ። እሺ፣ አላየህም እንበል። ያንን ይቅር ልል እችል ነበር። አውርደው ስልህ ግን፣ «አሁን ቢወርድ ይብስ ያስወራል፤ ደግሞ ይህን ሁሉ ተመልካች ከየት እናመጣለን?» አልከኝ። አንጀቴን የቆረጠው ይህኛው ነው። ልጅቷ ስታጠፋ ባታውቅ ነው። አንተ እያወቅክ ነው።

አሁን ደግሞ መልእክትህ መጣ። ፋርማሲስቷን ፈልጌ እንዳገኛት፣ ጎን ለጎን ቆመን ይቅርታ እንድጠይቃት፣ ልጅቷ እንድትቀርጸን። «ብታለቅሺ ደስ ይላል… ማለቴ፣ ሰው እንባ ይወዳል» ትላለህ። ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

ፋርማሲስቷን ከመልእክትህ በፊት ሄጄ አግኝቻታለሁ። የቀዩን ውስጥ ፍቀን እንደ አዲስ አልብሰነው፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤላት ሄድኩ። በሩን ከፈተች። የቤት ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ ያለ እኛ ጫማ ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከተማሪነቷ ጀምሮ አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣ ያን ቀን፣ «እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ይግቡ አልልዎትም።»

«ግድ የለም፤ እዚሁ እቆማለሁ።»

ጥቅሉን አየችው፣ አልተቀበለችኝም። «ከእናቴ ቀጥሎ እግሬን ያሳየሁት ለእርስዎ ነው» አለች።

«ልጄ ነው ያደረገው። እኔ አላየሁም፣ አላወቅኩም።»

«ልጅዎ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ። «እሱ ምን ቸገረው? በሁለት ቀና እግሩ እንደ ልቡ የሚራመድ ሰው፣ የኛ ነገር ከየት ይገባዋል?»



ቀኝ እግርህ ስትወለድ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ የቀረውን አባትህ አደረገ። እስከዚያ ድረስ እሱ እንደ ማንኛውም ጫማ ሰፊ የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ይህንን ሥራ የተማረው ላንተ እግር ነው። ሱቁም የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አብረውህ የተማሩት አላወቁም፣ ኳስ ሜዳ ዳር ስትቀመጥ ሰነፍ ነው ይሉህ ነበር። አሁን አብረውህ የሚሠሩትም እንደማያውቁ አውቃለሁ። ቪዲዮው ያበገነኝ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅም ብዬ እጽናና ነበር።

አንዲት ቃል ብነግራት፣ ያንተን እግር ብነግራት፣ ምናልባት በሩን ትከፍትልኝ ነበር። አብረን ተቀምጠን እናለቅስ ነበር፤ ያለ ካሜራ። ቃሉ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እውነትሽን ነው፤ አይገባውም» አልኳት።

«ለሰርጉ አሮጌውን ጥቁር አደርጋለሁ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደርግማ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። አልቀረጽም፣ አላለቅስልህም። ልጅቷ ሱቄ ደጃፍ እንዳትደርስ። ቪዲዮውን ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ታወርደዋለህ፤ ቢያስወራ ያስወራ። የፋርማሲስቷን ጥያቄ ግን እኔ አልመልሰውም፤ መልሱ የኔ አይደለም። አድራሻዋን ከታች ጽፌልሃለሁ። ልትጽፍላት ከፈለግክ በእጅህ ጻፍ፣ ለእሷ ብቻ። ባትጽፍላትም እኔ ለማንም አልናገርም። ያንተን ምስጢር መጠበቅ የለመድኩት ነው፤ እንዲህ እየከበደኝ ጠብቄው ግን አላውቅም።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። ልቦናህን ይመልስልህ፣ እንጀራ ፍለጋ ብለህ በሄድክበት አገር ሰው ዘንድ ያስወድድህ። ተቀይሜህም ስተኛ ስምህን ጠርቼ ነው የምተኛው፤ ይህ ግን ተቀይሜሃለሁ ማለቴን አይቀንሰውም።

አንድ ነገር። መንገዱ በረዶ ሆኗል ብለሃል፤ የቀኝህ ሶል ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚሳሳው። እዚያ ላለ ጫማ ሰፊ እንደማታሳየው አውቃለሁ። ጠቅልለህ በፖስታ ላክልኝ። ራሴ ሠርቼ እመልሰዋለሁ፤ ማንም አያየውም።

እናትህ