ስለ አዳራሹ ግድግዳ እና በእህቴ ስም ስለሚጠራው ክፍል

እታለም እህቴ፣ በሕይወት ሳለሽ እንደ ልማድሽ ከኋላዬ ቆመሽ አንብቢልኝ። ሰው ተናዶ ሲጽፍ ነገሩ ይንጋደዳል ስለምትይ በትሕትና ልጀምርላቸው ነው፤ ካበዛሁት ጎንተል አድርጊኝ።

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቢሮዎም፣ ጣሪያውም፣ ግድግዳውም ደኅና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ግድግዳ ሥር የሞተችው ተማሪ ታናሽ ወንድም። አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ከመድረክ እንዳነብ ስለመረጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእኔ የተሻሉ አንባቢዎች ሞልተው ሳለ ዕድሉ ለምን ለእኔ እንደደረሰ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ እንጂ፣ ምስጋናዬስ ሙሉ ነው። የተሰጠኝን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤ ያልገቡኝ ነገሮች ስላሉ በአደባባይ እጠይቅዎታለሁ።

አንደኛ፤ ታሪኩ ትምህርት ቤቱ በጽሕፈት ቤቱ በጀት ተሠራ ይላል። አያቴ ግን ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻው እንዳመላለሰ ሲነግረን ነው የኖረው። የመንደሩ ሰው ለእህል መጋዘን የሠራውን ቤት ልጆች ይማሩበት ብሎ ለቀቀ፤ መካከሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም ግድግዳ ስለነበረ ሁለት ክፍል ወጣው። የአያቴ ትከሻ በበጀት ተይዞ ከነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ "ለስብሰባ ምቹ የሆነ ሰፊ አዳራሽ ተገኘ" ይላል። አዳራሽ መንገድ ላይ ወድቆ አይገኝም። እርስዎ ለጽሕፈት ቤትዎ ስብሰባ እንዲሰፋ ያንን የመካከል ግድግዳ አስፈረሱ። ከዚያ ወዲህ የዳሩ ግድግዳ ይሰነጠቅ ጀመር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ቀለም ይቀባል። እንደ እኛ ትምህርት ቤት የተቀባ ያለ አይመስለኝም፤ ለውበት ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፤ "አሮጌው ሕንፃ ዕድሜውን ጨርሶ በዕቅድ ፈረሰ" ይላል። በዕቅድ ከሆነ፣ እህቴ ለእርስዎ ስብሰባ ወንበር እንድትደረድር መላኳም በዕቅዱ ውስጥ ነበር? ፍርስራሹስ ገና ሳንቀብራት በመኪና ተጭኖ የተወሰደው ማን እንዳያየው ነው? ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ ዕለት ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ "የግድግዳው ዕድሜው ነው፤ የልጅቷም ዕለቷ ነው" ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። አባቴ አንገቱን ደፋ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነውና፣ ደመወዙ ከእጅዎ ነው።

አራተኛውን እናቴ ተው ስላለችኝ ትቼዋለሁ፤ እርስዎ ያውቁታል።

አምስተኛ፤ ከአዲሱ ሕንፃ አንዱ ክፍል በእህቴ ስም ይጠራል መባሉን ሰምተናል፤ ክብሩ ከአቅማችን በላይ ነው። ይሁን እንጂ ባቀረቡልኝ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሞተም። ማንም ካልሞተ የእህቴ ስም እዚያ በር ላይ ምን ይሠራል? ይህንኑ ርእሰ መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብለው መከሩኝ። ዘንዶ መኖሩን ስላረጋገጡልኝ እርሳቸውንም አመሰግናለሁ።

ልመናዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመካከሉ ግድግዳ በመፍረሱ የዳሩ ተንዶ አንዲት ተማሪ ገደለ ተብሎ ይጨመርልኝ። ይህ ካለበት ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አነባለሁ። ከሌለበት ግን ሌላ አንባቢ ይፈልጉ፤ በሩ ላይ ያለውንም ስሟን ይመልሱልን።

ከራስዎ በላይ ያለው ሁሉ ጸንቶ እንዲኖርልዎ ዘወትር የሚመኝ፣
ታዛዥ ተማሪዎ፣ የሟቿ ወንድም።

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፤ የእኛን ክፍል ከተናደው አዳራሽ ቀጥሎ ያሠሩት እርስዎ ስለሆኑ ይህንም ቢያውቁት ደግ ነው። ያለ እህቴ ብቻዬን ትምህርት ቤት በሄድኩበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ዴስኬን ከግድግዳው አርቄ መካከል ላይ አስቀመጥኩት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። የገባው ሁሉ የራሱን እየጎተተ መጣና ዳር ላይ የቀረ ጠፋ። የሒሳብ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዩን፤ ከዚያ ጠረጴዛቸውን አንስተው ወደ እኛ ተጠጉ።