ሁለቱም የግራ እጅጌ

ልጄ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን እያለ መሰላል ላይ ይወጣል፤ እሱን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኛል። የስፌት መኪናዬም እንደኔው አርጅታ ታጉረመርማለች። አንቺ ግን ሹራብ ትደርቢያለሽ?

ለኮሌጅ ማመልከቻ የጻፍሽውን ወንድምሽ አነበበልኝ። «ሕግ መማር የምፈልገው እናቴ በድህነት ስትለፋ አይቼ ነው» ብለሻል። እኔ ምኔ ያሳዝናል? ይልቅ የዚያችን ደንበኛዬን ካፖርት ነገር ሳትጽፊ ለምን ተውሽው? አስር ዓመትሽ ነበር፤ ላግዝሽ ብለሽ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገሽ ቆረጥሽው። ሴትዮዋ ልትወስድ ስትመጣ እኔ «ጨርቁን አይጥ በላው» ልላት አፌን ስከፍት፣ አንቺ ቀድመሽ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልሻት። ሄደች፤ ዳግም ደጃችንን አልረገጠችም። እኔም ጮህኩብሽ። የጮህኩት ግን ለጨርቁ አልነበረም፤ በልጄ ፊት ስላፈርኩ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ዋጥ አድርጌው ኖርኩ።

እንግዲህ እንደገና ጻፊው። «እናቴ ልትዋሽ ነበር» በይ፤ ፈቅጄልሻለሁ። ቃልሽ የሚደመጥ፣ ፍርድሽ የማያዳላ ያድርግሽ።

ብቻ አደራ፣ መጨረሻው ላይ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንደነበርኩም አንድ መስመር ጨምሪልኝ።

እናትሽ