በሩን ራሱ ለሚከፍተው አውቶቡስ ጌቶች

ለተከበሩ የቪዲዮ ጌም አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ወገቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ወንበር ላይ ስለ ከረመ ዝቅታው ካሰብኩት ያነሰ ቢሆን ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ ንቀቱ ከታች በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ፤ አንደኛው ዐይኔ ሲደክም መሪዬን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ከእነዚያ ዓመታት ሃያ ሁለቱን አብሮኝ የሠራው ትኬት ቆራጭና በር ከፋች የታናሽ እህቴ ባል ነው። ያስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ፤ እህቴ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገችልኝም። ተሳፋሪው አማቼን የሚያውቀው "ጠጋ ጠጋ" በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር፤ ሰው በር ላይ ሲጠቀጠቅ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ብቻ ስለ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ከአንደበቱም አንድ አምስት ያህል ቃል ተረፈለት። ከተረፉት አንዱ "ጠጋ" መሆኑን ስነግርዎ እየቀለድኩ አይደለም።

ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እነሱ ቤት እሄዳለሁ። ስልክ በመጠገን የምትተዳደረው ልጃቸው አንድ ቀን አሮጌ የጌም ማጫወቻ ይዛ መጣችና የእርስዎን የአውቶቡስ መንጃ ጌም፣ ክፍል ሦስትን፣ ከፈተችልን። እኔ በአንደኛው ጆይስቲክ እነዳለሁ፤ እሱ በሁለተኛው ጆይስቲክ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሥራው ይኸው ነው። ሳልቆም ከከፈተ ተሳፋሪ ይወድቃል፣ ነጥብ ይቀነሳል፤ ስለዚህ መንገዱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይጠብቃል። መጀመሪያ በግራ እጁ ነበር። እጁን የምታሽለት ባለሙያ የጎማ ኳስ ሰጥታ ስምንት ወር ለምናው እሱ ኳሱን ግድግዳ ላይ ሲወረውር ከርሟል፤ ይህንን ጨዋታ ስታይ ግን ቁልፏን በቀኝ አውራ ጣቱ እንዲሞክር ነገረችው። አምስት ወር ፈጀ። አንድ ቀን የሞተው አውራ ጣት ቁልፏን ጫነ፣ በሩም ተከፈተ። እህቴ የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። እኔ ፌርማታውን አልፌ ሄድኩ።

ለዚህ ድርጅትዎን አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን እዚህ ላይ ማስቀመጤ ከዚህ በኋላ የሚገባበት ቦታ ስለማይገኝ ነው።

በዚህ ዓመት ሦስት አዳዲስ ጌሞች አውጥተው ዓለምን ስላስደሰቱ፣ ሦስቱንም ቤተሰባችን በእጁ ዳስሶ ያገኘውን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የክፍል አምስት ሳጥን እጅግ ያምራል። ውስጡ ዲስክ አለ፤ ዲስኩ ውስጥ ግን ጌሙ የለም። ጌሙ ሁለት ቀን ሙሉ በኢንተርኔት ወረደ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ የወረደው ጉድለት ስላለበት ማስተካከያው ይውረድ ተባለ። እኔ አውቶቡስ ከዴፖ ሳወጣ ጎማው በኋላ ይደርስብሃል ተብዬ አላውቅም። ሳጥኑን እህቴ ለመርፌና ለክር አድርጋዋለች።

2ኛ. አውቶቡስዎ አሥራ ሁለት ሜትር ይረዝማል ተብሎ ተጽፏል። ፍሬኑ ሲነካ ግን እንደ ብስክሌት ባለበት ቀጥ ይላል። እኔ ያን የሚያህል መኪና እንዲያ አድርጌ ባቆም ኖሮ የቆመው ተሳፋሪ በሙሉ ጭኔ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፤ ማርሹ ቢሳሳት ድምፅ አያሰማም፤ ከፊቴ እየዘነበ ስፖኪዮው ውስጥ ፀሐይ ነው። በአንጻሩ የፊት መስታወቱ ላይ የሚወርደው የዝናብ ጠብታ እያንዳንዱ ለብቻው ያበራል፤ ለዚህ ጠብታ አርባ ባለሙያዎች ሦስት ዓመት እንደ ደከሙ ድርጅትዎ በኩራት ገልጿል። ከአርባዎቹ አንዱ ለአንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድልብዎ እንደ ነበር ብጠይቅ ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን? የጌም ሐያሲዎችም ተባብረው ከአሥር ዘጠኝ ሰጥተውታል። አንደኛው ስለ ብርሃኑ አራት አንቀጽ ጽፎ ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

3ኛ. ተሳፋሪዎችዎ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ናቸው። ጆንያ የያዘ የለም፣ ልጅ ያዘለች የለችም፣ ፌርማታው ካለፈ በኋላ ከእንቅልፉ ባንኖ "ወራጅ አለ" የሚል የለም። ከሁሉ የከፋው፣ ከኋላ የሚሮጥ የለም። ክፍል ሦስት ላይ አራተኛው ፌርማታ ስንደርስ ቀይ ቦርሳ ይዛ እየሮጠች የምትመጣ ሴት ነበረች፤ አማቼ ለሷ ሲል በሩን ሳይዘጋ ይቆያል፣ ነጥብ ይቀነስብናል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ "ጠጋ" ይለኛል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ክፍል አምስት ላይ ባጣት ጊዜ ተሻሻሉ የተባሉትን ነገሮች ዝርዝር አስነበብኩ፤ "ዘግይታ ትደርስ የነበረችው ተሳፋሪ ተስተካክላለች" ይላል። እንዴት እንዳስተካከሏት አልጠይቅም፤ ለካ ሰው የሚዘገይበትን በሽታ ሁሉ የሚያድን መድኃኒት እጅዎ ላይ ኖሯል።

4ኛ. የቀሩትን ሁለቱን በአጭሩ ልጨርስ። የጦርነቱን ጌም የተጫወተችው ልጃቸው ናት። ጀግናው ዓለምን እንዲያድን ተልኮ በየሰዉ ቤት እየገባ መሳቢያ ይበረብራል፤ ክፉው ሰውዬ ደግሞ ሊገድለው ይዞት ሳለ አሥራ አንድ ደቂቃ ንግግር ያደርጋል፣ ማቋረጥም አይፈቀድም። ንግግሩ እስኪያልቅ የአንድ ደንበኛ ስልክ ፈትታ ገጥማለች። የእርሻውን ደግሞ እህቴ ሞከረችው። ዶማው በየአርባ ምቱ ይሰበራል፤ አዲስ ዶማ እስኪሠራ እስከ ነገ ይጠብቁ ይላል፤ እስከ ነገ ስትጠብቅ ጎመኑ ይደርቃል። ጓሮዋ ያለው ዶማ ከሠርጓ ዓመት ጀምሮ እንዳለና ይህን ጌም የሠራው ሰው አፈር በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ተናግራ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ያለችው ለጽሑፍ አይመችም።

5ኛ. ይህ ቅሬታ የክብርዎን አስተዳደግ የሚመለከት ሲሆን እህቴ ረቂቁን አንብባ ሰርዛዋለች።

6ኛ. አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ክፍል አምስትን ገዝተን በከፈትንበት ቀን አማቼ ገላውን ታጥቦ፣ የድሮ የሥራ ኮቱን አስለብሱኝ ብሎ በምልክት አስቸግሮ፣ ቀኝ አውራ ጣቱን ቁልፏ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ነዳሁ። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ቆምኩ። ገና ጣቱን ሳያንቀሳቅስ በሩ ራሱ ተከፈተ። አየኝ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ቀድሞ ጫነ፤ ምንም የለም። ደግሞ ጫነ። በሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተ፣ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ሦስተኛው ላይ ጆይስቲኩን አገላብጦ አየው፣ በግራ እጁ አውራ ጣቱን ይዞ ቆነጠጠው፣ ከዚያም ካሉት ጥቂት ቃላት አንዱን አወጣ፤ "እጄ" አለ።

ክቡር ሆይ፣ ጣቱ ዳግመኛ የሞተበት መሰለው። እኔና እህቴ ተቀምጠን፣ እጅህ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የነዚያ ነው እያልን እስኪመሽ ብናስረዳው አላመነንም። ክፍል ሦስትን መልሰን ከፈትንለት፤ ጆይስቲኩን ግን አልይዝም አለ። አራት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በአምስተኛው ቀን ልጁ ቁልፏ ላይ ጣቱን በጣቷ ይዛ አስጫነችው፣ በሩ ተከፈተ፣ እሱም በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ በእነዚያ አራት ቀናት ስለ ድርጅትዎ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፍም፤ በሕግ ሊያስጠይቀኝ ይችላል።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ገልጸዋል፤ ያነበበችልኝ ልጃቸው ናት። ሁለተኛው ተጫዋች የተሰረዘው አብዛኛው ሰው ብቻውን እንደሚጫወት በጥናት ስለ ተረጋገጠ ነው፤ በሩም ራሱን እንዲከፍት የተደረገው "ተጫዋቹን ከአላስፈላጊ ሥራ ለመገላገል" ነው። አማቼን ከዚህ ቀደም አንድ መሥሪያ ቤት ከዚሁ አላስፈላጊ ሥራ ገላግሎታል፤ በሩ አውቶማቲክ ሆኗል ብለው በደብዳቤ አሰናብተውት ነበር። እነሱ ግን ቢያንስ የሚያሰናብቱትን ሰው ስም ጽፈው ነው።

7ኛ. ይህም አልበቃ ብሎ ክፍል ሦስት በዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ለሁልጊዜው እንደሚዘጋ አስታውቀዋል። ጌሙ ቤታችን አለ፣ ማጫወቻው ቤታችን አለ፤ ነገር ግን በተከፈተ ቁጥር ከእናንተ ኮምፒዩተር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኮምፒዩተራችሁም ከዚያ ቀን በኋላ አይመልስም። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። አማቼ አያውቅም። እህቴ አትንገረው ብላኛለች፤ እኔም እየነዳሁ፣ ፌርማታ ላይ እየቆምኩ፣ እሱም እየከፈተ፣ ምንም እንደሌለ ሆኜ እስቃለሁ። መዋሸት አልችልበትም፤ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቻለሁ።

ስለዚሁ ጉዳይ ከአሁን በፊት ለደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ በጨዋ ደንብ ጽፌ ነበር። መልሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ፤ ፍጥነቱን አደንቃለሁ። "ውድ ተጫዋች፣ ደስታዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን" ይላል፤ ከሥሩም ለተደረገልኝ መስተንግዶ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጥ ይጠይቃል። ኮከቦቹን አልነካኋቸውም፤ ለሐያሲዎቹ እንዲያገለግሉ ትቻቸዋለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ክፍል ሦስት ያለ ኢንተርኔት ፈቃድ እንዲከፈት ያድርጉልን። የስልክ ጠጋኟ ልጃችን እንደምትለው ይህ ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአርባዎቹ የጠብታ ባለሙያዎች አንዱን ለግማሽ ቀን ቢለቁልን ዝናቡ የሚያባራ አይመስለኝም። ክፍል አምስት ላይ ቁልፍ ይጨመር፣ ፍሬኑ ይስተካከል፣ ቀይ ቦርሳ የያዘችው ሴት ትመለስ ብዬ አላስቸግርዎትም። ያበላሹትን አበላሽተዋል። ያላበላሹትን ብቻ ይተዉልን።

ጊዜዎ ውድ እንደ ሆነ ስለማውቅና ሌላ የሚሻሻል ነገር እየጠበቀዎት ስለ መሆኑ ስለማልጠራጠር በዚሁ እሰናበታለሁ። የነኩት ሁሉ እንደ ክፍል አምስት ሳጥን ያማረ፣ ኑሮዎም እንደ ክፍል አምስት ተሳፋሪ ሸክም የሌለበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ፊት ለፊት ቆሜ የምናገርበት ዕድል ቢሰጠኝ ከዚህ ያነሰ ጨዋ እንደምሆን በክብር አረጋግጣለሁ።

የቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በስልክ በድረ ገጽዎ በኩል ለመላክ ስሞክር መጀመሪያ ኮምፒዩተር አለመሆኔን እንዳስመሰክር ተጠየቅሁ። ዘጠኝ ሥዕሎች ቀረቡልኝና አውቶቡስ ያለባቸውን ምረጥ ተባልኩ። ሦስት ጊዜ መርጬ ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳሁትን ነገር ከእርስዎ ማሽን እኩል አላወቅሁትም። ተናድጄ ስነሣ አማቼ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበና በቀኝ አውራ ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ አራቱን ነካቸው። አረንጓዴ ምልክት መጣ። እንግዲህ ከሁለታችን ሰው መሆኑን ድርጅትዎ ያረጋገጠለት እሱ ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚዘጉበትም እሱ ነው።