ጎርፉ ዳር የተተከለችው እንጨት

ብሮንዊን የኔ ቆንጆ፣

በረሃ እንሂድ ብለን ወጥተን ውሃ አግቶን ተቀምጠናል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነው ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። እዚያ እኛ ከተማ፣ ባላራት፣ ዝናብን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ እዚህ ልጆቼ ወንበራቸውን ወደ ጎርፉ አዙረው እንደ ቴሌቪዥን ያዩታል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ድንኳኑን አጥፌ መልሼ ዘረጋሁት፤ የማይቆሽሽ ይመስል መኪናውን ወለወልኩት።

ባለቤቴ ዳሪል ውሃው ጫፍ ላይ እንጨት ተክሏል። ውሃው ከእንጨቷ ከሸሸ ጎደለ ማለት ነው፤ እንሻገራለን። ትናንት ቀኑን ሙሉ እሷን ለማየት ስመላለስ ዋልኩ።

«አፍጥጠሽ ስላየሽው አፍሮ የሚጎድል መሰለሽ? ቁጭ በይ!» ይሉኛል አማቴ ኢኒድ።

ዛሬ ጠዋት ከድንኳን ብቅ ስል፣ አማቴ በፒጃማቸው ጎንበስ ብለው እንጨቷን ነቀሉና ወደሸሸው ውሃ አስጠግተው ተከሏት። ለካ ትናንትም እሳቸው ናቸው! እንደምታውቂው ከወንዙ ማዶ፣ አሊስ ስፕሪንግስ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ተይዞላቸዋል። ሽርሽር እንበለው እንጂ የምንሄደው እሳቸውን ልናስገባ ነው።

ዳሪል ዓይኑን እያሸ ወጣ። «እህ፣ ጎደለ?»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወይ ፍንክች!» አልኩት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ዶሮዎቼን መመገቡን ትንሽ ታገሺልኝ፣ መዘግየታችን ነው። አሁን አማቴ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው የምጽፍበት ጉልበቴ አላርፍ ብሎኝ ነው።

ናሬል